አሠልጣኝ ሲመርጥ፣ ደጋፊ ሲሟገት



ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በአማኑኤል፣ በደምበጫችን፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባ መንገደኛ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በተጫወቱ ማግስት መኪናው በቆመበት ሁሉ አንድ ዓይነት ሙግት ይሰማል። ቡና ቤቱ ይለያያል፤ ጥያቄው አይለያይም። ፈረንጅ አሠልጣኝ ይሻለናል ወይስ የራሳችን ሰው? እገሌን ለምን ጠሩት፣ እገሌንስ ለምን ተዉት? ስንሸነፍ አሠልጣኙ ለምን ዝም ይላሉ? ሲናገሩስ ለምን ጥፋቱን ተጫዋቾቹ ላይ ይጥላሉ? የዛሬው ዲስኩሬ በእነዚሁ ጥያቄዎች ላይ ነው።

የምለውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ከየትም ይምጣ ከየት፣ አንዱን ተጫዋች የመረጠበትን፣ ሌላውን የተወበትን ምክንያት በአደባባይ የመናገር ዕዳ አለበት። እኛም ስንቃወመው በምክንያት የመቃወም ዕዳ አለብን። ሁለቱም ዕዳ ሳይከፈል ስለኖረ ነው ሙግታችን አሠልጣኝ በተለወጠ ቁጥር ከሀ የሚጀምረው።

እስቲ ታሪኩን እንየው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ 2 ለ 2 ከቆየን በኋላ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ አነሣን። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በፕሬዚዳንትነት ያገለገሉት ሰው ናቸው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ በተጨማሪው ሰዓት አስቆጠሩ። ልብ በሉ፤ ያ ቡድን ከአዲስ አበባም ከአሥመራም የተሰባሰበ፣ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚነገርበት ነበር። መግባባትን የፈጠረው ሁሉም በአንድ አገር ቋንቋ አፉን መፍታቱ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያ ወዲህ የውጭ አሠልጣኞች መጥተው ሄደዋል። በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ፒተር ሽኒትገር ነበሩ። ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ደግሞ ሦስት ሰዎች አሉ። በግላስጎው የተወለዱት፣ በእንግሊዝ ክለቦች ተጫውተው ስዊንደን ታውንን ያሠለጠኑት ኢፊ ኦኑራ በ2002 ዓ.ም. ክረምት መጡ፤ አቡጃ ላይ በናይጄሪያ 4 ለ 0 ከተሸነፍን በኋላ በ2003 ሚያዝያ ተሰናበቱ። ወዲያው ቤልጂጋዊው ቶም ሴይንትፊት ተተኩ። ግንቦት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ከዚያችው ናይጄሪያ ጋር አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 2 ወጣን፤ ሁለቱንም ግብ ያገባው ሳላዲን ሰዒድ ነበር። ደጋፊው ገና ስማቸውን በቅጡ ሳይለምድ፣ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እሳቸውም ሄዱ። ሦስተኛው ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ናቸው። በ2006 ተሾመው በ2007 ሚያዝያ ተሰናበቱ። የሦስቱ ቆይታ ተደምሮ ሦስት ዓመት አይሞላም።

አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ። ሴይንትፊት ከእኛ ከተለያዩ በኋላ ብዙ ዞረው በፈረንጆቹ 2018 ጋምቢያ ገቡ። ጋምቢያ ከአምስት ዓመት በላይ ታገሠቻቸው። በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ያቺ ትንሽ አገር በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች። እኛ በዚያው ውድድር በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራን በ1 ነጥብ የምድባችን መጨረሻ ሆነን ተመለስን። ሰውየው እኛ ጋ ቢቆዩ ኖሮ ያን ያደርጉ ነበር አልልም። የምለው፣ ፈረንጅ ይሻላል ወይስ አይሻልም ብለን ስንሟገት በእጃችን የነበረውን ሰው ለመመዘን የሚበቃ ጊዜ እንዳልሰጠነው ነው።

ስለ ባሬቶ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የተሟገትነው በእሳቸው ላይ ነውና። የመጡበትን ጊዜ አስታውሱ። ከእሳቸው በፊት ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱን። ቀጥሎም ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ እስከ መጨረሻው የደርሶ መልስ ጨዋታ አደረሱን፤ ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም. ካላባር ላይ ናይጄሪያ አስቆመችን። ሕዝቡ እንዲህ ከፍ ብሎ በነበረበት ሰዓት ነው ሰውነት ተነሥተው ቀድሞ ጋናን ያሠለጠኑት ባሬቶ የመጡት። ስለዚህ ደጋፊው የጠበቀው የበለጠ ነገር ነበር።

የሆነውን እንቁጠር። ጳጉሜን 1 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ በአልጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፍን። በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5፣ ማላዊ ላይ 3 ለ 2 ተሸነፍን። ጥቅምት 1 ቀን 2007 ማሊ በሜዳችን 2 ለ 0 ረታችን። አራት ቀን ቆይቶ ጥቅምት 5፣ ያችኑ ማሊን ባማኮ ድረስ ሄደን 3 ለ 2 አሸነፍናት! ኅዳር 6 አልጄሪያ 3 ለ 1 አሸነፈችን፤ ኅዳር 10 ከማላዊ ጋር በሜዳችን 0 ለ 0 ወጣን። ስድስት ጨዋታ፣ አንድ ድል፣ አንድ አቻ፣ አራት ሽንፈት፣ 4 ነጥብ።

በጥቅምት 1 እና በጥቅምት 5 መካከል ምን ሆነ? በሜዳችን ያቃተን ቡድን በሰው አገር እንዴት ተሸነፈ? አሰላለፉ ምን ተለወጠ? ማን ገባ፣ ማንስ ወጣ፣ ለምን? ይህ እውነተኛ የኳስ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ያኔ በየኳስ ቤቱ የሰማሁት ሙግት ወደዚያ አልሄደም። ግማሹ “አወቀበት” አለ፤ ግማሹ “ዕድል ነው” አለ። ሽንፈቱን የሚያስረዳ ስላልነበረ ድሉንም የሚያስረዳ ጠፋ። ድሉን ያልተረዳ ደግሞ ሊደግመው አይችልም።

የውጭ አሠልጣኝ ንግግር እኛ ጋ የሚደርሰው በብዙ ሰው አፍ አልፎ መሆኑንም አንርሳ። ለምሳሌ አሠልጣኙ አንድ አጥቂ ከጉዳት ገና መመለሱ ስለሆነ 90 ደቂቃ ሙሉ መሮጥ እንደማይችል ተናገሩ እንበል። አስተርጓሚው “አቅም ያንሰዋል” ብሎ ያሳጥረዋል። የማታው ሬዲዮ “ለብሔራዊ ቡድን አይመጥንም አሉ” ይላል። ኳስ ቤት ሲደርስ “የእኛን ልጅ ናቁት” ሆኗል። በማግስቱ የልጁ ክለብ ደጋፊዎች አሠልጣኙ ላይ ይዘምታሉ። አሠልጣኙ ለምን እንደተሰደቡ አያውቁም፤ ልጁም ለምን እንደተተወ አልሰማም። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ የውጭ ሰው ሲቀጥር ኳስ የሚያውቅ አስተርጓሚ አብሮ መቅጠር አለበት። የተጫዋች ዝርዝር ሲወጣም ከስሙ ጎን አጭር ምክንያት በአማርኛ ተጽፎ ይውጣ፤ ይህ ከአንድ ገጽ ወረቀት የበለጠ አያስወጣም።

ችግሩ ግን የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸነፍን። ምንያህል ተሾመ ግን በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ተጫዋች ነበር፤ ተሰለፈ። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን አገር በጭፈራ ሲናወጥ ፊፋ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑ ተሰማ። በኋላም 3 ነጥብ ተቀነሰብን፤ ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አመነ። አሠልጣኙ ኢትዮጵያዊ፣ ተጫዋቹ ኢትዮጵያዊ፣ የቢሮው ሰዎች ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ ነበሩ። የካርዱ ነገር ግን በጊዜው አልታረመም። እንግዲህ አማርኛ መቻል ብቻውን መግባባት አያመጣም።

ወደ ዓለም ወጣ ብለን አንድ ሰው እንይ። ቦስኒያዊው ቫሂድ ሃሊልሆጂች ኳስ እንደሚያውቁ የሚጠራጠር የለም፤ በፈረንጆቹ 2014 አልጄሪያን ከዓለም ዋንጫ ምድብ አሳልፈው ጀርመንን እስከ ተጨማሪ ሰዓት አስጨንቀዋል። ነገር ግን ከሦስት የዓለም ዋንጫዎች ዋዜማ ላይ ተባረዋል፤ በ2010 ከአይቮሪ ኮስት፣ በ2018 ከጃፓን፣ በ2022 ከሞሮኮ። ጃፓኖች ውድድሩ ሁለት ወር ሲቀረው ሲያሰናብቷቸው የሰጡት ምክንያት ከተጫዋቾች ጋር ያለው መግባባትና መተማመን ላላ የሚል ነበር። ሞሮኮ ላይ ደግሞ ከተጫዋቹ ሐኪም ዚየሽ ጋር ተጣልተው ከቡድኑ አስወጡት። በእሳቸው ቦታ የተተኩት ዋሊድ ረግራጊ ዚየሽን መለሱት፤ ሞሮኮም ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደራሽ ሆነች። ረግራጊ ሞሮኳዊ ናቸው፤ የተወለዱት ግን ፈረንሳይ ነው። ከ26 ተጫዋቾቻቸውም 14ቱ ከሞሮኮ ውጭ የተወለዱ ነበሩ። ታዲያ ይህ የአገር ውስጥ አሠልጣኝ ድል ነው ወይስ የውጭ? መልስ ለመስጠት የሚቸኩል ሰው ጥያቄውን አልተረዳውም።

እርግጥ ነው፣ እስከ 2022ቱ ኳታር ድረስ በውጭ አገር ዜጋ አሠልጣኝ እየተመራ የዓለም ዋንጫን ያነሣ ቡድን የለም። ይህ “የራሳችን ሰው” ለሚሉት ጥሩ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ፈረንሳዊው ኤርቬ ሬናር ዛምቢያንም አይቮሪ ኮስትንም የአፍሪካ ሻምፒዮን አድርገዋል፤ ይህም “ፈረንጅ ይምጣ” ለሚሉት ጥሩ ማስረጃ ነው። የእኛው አብርሃም መብራቱስ? ዋልያዎቹን ከመያዛቸው በፊት የየመንን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠኑ ናቸው። የመኖች በየሻይ ቤታቸው ስለ “የውጭው አሠልጣኝ” ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ አንድ ሐበሻ ነበር ማለት ነው። ያው አብርሃም ናቸው ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፉት፤ ከዚህ አካባቢ በሚኒባስ ሄዳችሁ ያያችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ተጫዋች ምርጫ ልግባ። አሠልጣኝ ሲመርጥ ምን ምን ያያል? በመጀመሪያ ልጁ በክለቡ እየተሰለፈ ነው ወይ? ስሙ የገነነ ሆኖ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የከረመ ተጫዋች ለ90 ደቂቃ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ቦታው የት ነው? በአንድ ቦታ አምስት ጎበዝ ልጆች ቢኖሩ ሦስቱ መቅረታቸው ግድ ነው። ሦስተኛ፣ ተጋጣሚው ማን ነው? ረጃጅም አጥቂዎች ያሉትን ቡድን የሚገጥም አሠልጣኝ ኳስ አሳምሮ የሚያንሸራሽረውን አጭር ተከላካይ ትቶ በጭንቅላት የሚመክተውን ይመርጥ ይሆናል። አራተኛ፣ ጉዳትና ካርድ። አምስተኛ፣ ክለቡ መቼ ይለቀዋል? ውጭ የሚጫወት ልጅ በፊፋ ቀን ብቻ ነው የሚለቀቀው፤ ከጨዋታው በፊት የሚቀረው ልምምድ ሁለትና ሦስት ቀን ነው። በዚያ አጭር ጊዜ አዲስ አጨዋወት ማስተማር ስለማይቻል፣ አሠልጣኞች የለመዱትን ልጅ መርጠው በእኛ ዘንድ በአድልዎ ይታማሉ።

አንድ ማታ እዚሁ መንገድ ዳር ካሉት ኳስ ቤቶች በአንዱ ሁለት ጎረምሶች ሲሟገቱ አይቻለሁ። አንደኛው የቢራ ቆርኪ ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ አንድ በረኛ፣ አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ። “ይኸው የእኔ ቡድን!” አለ። ሁለተኛው ዝም ብሎ ካየ በኋላ ከአማካዮቹ አንዱን ቆርኪ በጣቱ ገፋ አድርጎ “ይኼ ወደ ፊት ሲሄድ ኳስ ቢነጠቅ፣ ይኼን ክፍት ቦታ ማን ይሸፍናል?” ብሎ ጠየቀው። የመጀመሪያው አሰበ፣ ራሱን አከከ፤ ከአጥቂዎቹ አንዱን አንሥቶ ወደ ኋላ ሳበው። “እንግዲያው እገሌ ይቅር” አለ፤ የቀረው ሲያወድሰው ያመሸው ልጅ ነበር። ከዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ደግሞ ሌሎች አራት ሰዎች “አሠልጣኙ ጉቦ በልቶ ነው”፣ “የለም፣ የክለቡን ሰዎች ፈርቶ ነው” እያሉ ይጯጯኹ ነበር። ሁለቱ ጎረምሶች በአምስት ደቂቃ የደረሱበት፣ አራቱ ሲያመሹም አልደረሱበትም።

እኛ ሙግት የምናውቅ ሰዎች ነን። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ ሕግ ነበራቸው። ባላጋራ ተናግሮ እስኪጨርስ ይደመጣል፤ ተሟጋች ዋስ ይጠራል፤ “ሰማሁ” ያለ ሁሉ ምስክር አይሆንም፣ ያየ ብቻ ይመሰክራል። በመንገድ ያለፈ ሰው እንኳ ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ ያልተመሰከረውን ነገር አይፈርድም። ይህን ሕግ ለርስትና ለከብት ስናውቅበት ኖረን ለኳስ ሲሆን ለምን እንጥለዋለን? “አሠልጣኙ የገዛ ወገኑን ብቻ ጠራ” የሚል ሰው በዚያ ቦታ ማን እንደቀረና በምን እንደሚበልጥ ይመስክር። ካልመሰከረ ነገሩ ሐሜት ነውና እንለፈው። ይህ በተለይ ክልልና ብሔር ሲነሣ ይመለከተናል። ስማቸው የተዘረዘረ ልጆች ሁሉ የአንድ አገር ማልያ ለባሾች ናቸው፤ ማስረጃ ሳንይዝ በጎጥ ከቆጠርናቸው የምናፈርሰው ቡድኑን ነው።

ዝም ማለት ሐሜትን እንደሚያፋፋ ግን ፌዴሬሽኑም አሠልጣኙም ይወቁት። ያለፉት ዓመታት ይህን የበለጠ አሳይተውናል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ በ2014 ዓ.ም. የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ ወዲህ ለዓመታት “የሜዳችንን” ጨዋታ በሰው አገር ስንጫወት ኖረናል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 የረታናት ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ ስታዲየም ገብቶ ማየት የቻለ የጎጃም ሰው ስንት ነው? ልምምዱን ሳናይ፣ ሜዳውን ሳንረግጥ፣ ለእኛ የቀረን የአሠልጣኙ ቃል ብቻ ነበር። እሱም ከጠፋ ደጋፊው ከቡድኑ ጋር የሚገናኝበት ነገር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በቀጥታ ደምበጫን ይመለከታል። ምርጫ ዝርዝሩ ሲጻፍ አይጀምርም፤ የሚጀምረው ማን ታየ ከሚለው ነው። አሠልጣኝ የሚመርጠው ካያቸው መካከል ነው፤ የሚያየው ደግሞ በአብዛኛው የፕሪሚየር ሊግ ልጆችን ነው። ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ከገባ፣ ፋሲል ከነማም በ2013 ሻምፒዮን ከሆነ ወዲህ የአካባቢያችን ልጆች ከቀድሞው የተሻለ ይታያሉ። የደምበጫ ልጅ ግን ባሕር ዳር እስኪደርስ ማን ያየዋል? የትምህርት ቤት ውድድር ሲካሄድ ውጤት የሚመዘግብ፣ የልጁን ዕድሜና ቦታ የሚጽፍ፣ ለክለብ የሚልክ ሰው አለን? ከሌለን፣ ፈረንጁ አሠልጣኝ “የጎጃምን ልጅ ለምን አልጠራም?” ብለን ብንጮህ የጮህነው ወደ ተሳሳተ በር ነው።

ስለዚህ ለሁሉም ድርሻውን ልስጥ። ፌዴሬሽኑ አሠልጣኝ ሲቀጥር ለምን እንደቀጠረው ይንገረን፤ ለአንድ ማጣሪያ ነው ወይስ አዲስ ቡድን ለመሥራት? ለመሥራት ከሆነ በስድስት ጨዋታ አይለካው። አሠልጣኙ፣ ፈረንጅም ይሁን ሐበሻ፣ የተወውን ልጅ ሬዲዮ ከመናገሩ በፊት ራሱ ደውሎ ይንገረው፤ ለሕዝቡም ምክንያቱን በአጭሩ ያስረዳ። ጋዜጠኛው የተባለውን እንደተባለው ያድርስ።

የእኛም ድርሻ ዛሬ ማታ ይጀመር። ኳስ ቤት ስትገቡ “ይህ ሰው ይባረር” ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ መልሱ፤ በማን ቦታ ማን ይግባ? የገባው ኳስ ስትጠፋ ምን ያደርጋል? ይህን በዐይኔ አይቻለሁ ወይስ ሰምቻለሁ? ሦስቱን የመለሰ ሰው አሠልጣኙን ቢወቅስ ወቀሳው ይደመጣል፤ ቢደግፈውም ድጋፉ ይከብዳል። ከእናንተም አንዱ የትምህርት ቤቱን ውድድር መዝገብ መያዝ ከዚህ ሳምንት ይጀምር። የሚመዘገብ ልጅ አለን፤ እስካሁን የጠፋው መዝጋቢው ነው።

 አሁን መድረኩ ለእናንተ ክፍት ነው፤ ተሟገቱኝ።